ድስት ተሸክመው የተመለሱት መነኩሲት

ሁለት መነኩሲቶች ከገዳሙ በር ወጥተው ወደ እኛ መንገድ ሲታጠፉ፣ መንገዱ ግማሽ ጸሎተ ማርያም በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ጭር ይላል። መጋረጃ ይወርዳል፤ ሬዲዮ ይዘጋል፤ ውሻ እንኳ ጭራውን ወሽቆ ደረጃ ሥር ይገባል። የመሸታ ቤቱ ባለቤት አቶ ዋቭሪን ደንበኞቹ ከነቢራቸው ባንኮኒ ሥር ሲርመጠመጡ እያየ፣ «ኧረ ቀስ በሉ! የጀርመን ታንክ ቢመጣ እንዲህ አትሸሹም!» ይላል። ከዚያ እሱም ይጎነበሳል። ሁለት ልጆች ጦር ሜዳ አሉት።

ከሁለቱ ቀድመው የሚራመዱት ሲስተር ቦጉሚላ ናቸው። ሚልዋኪ ደቡብ፣ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ ጀርባ ባለው በእኛ በፖላንዶቹ ሰፈር፣ በደብሩ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ከእኛ መሀል በእሳቸው ማስመሪያ ጣቱን ያልተመታ ሰው ካለ፣ ወይ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው፣ ወይ ጣት የለውም። ምላሳቸው ደግሞ ከማስመሪያው ይብሳል። ጳጳሱ ለጉብኝት ሲመጡ ጥፍራቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ሸሽገው ነው ክፍሉ የገቡት ይባላል። እኚህ ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቷቸው አንድ ሳምንት ሙሉ የሰው ድስት ተሸክመው ተመለሱ ቢባል ማን ያምናል?

ጦርነቱ ሲጀመር ትምህርት ቤቱ ትምህርት ቤት መሆኑ ቀረ። አንደኛ ክፍል ባዶ ጣሳ በእግሩ ይጨፈልቃል። አምስተኛ ክፍል፣ ፈንጂ ይሠራበታል ተብሎ፣ ከየቤቱ የመጥበሻ ሞራ ይለቅማል። አራተኛ ክፍል ለወታደሩ ካልሲ ይሠራል፤ ካልሲው ለእግር ይሁን ለመድፍ አፍ መክደኛ እስከ ዛሬ አልተጣራም። የሲስተር ቦጉሚላ ክፍል ድርሻው ብረት ነበር። የስምንተኛ ክፍልም እንደዚሁ። ሲስተር ቦጉሚላ ራሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ብረት ይሰበስቡ ነበር። ዓርብ ዓርብ በከሰል ሻጩ ሚዛን ይመዘንና ያሸነፈው ክፍል የክብር ባንዲራውን በሩ ላይ ይሰቅላል። ባንዲራው ከስምንተኛ ክፍል በር ወርዶ አያውቅም፤ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የባቡር ሐዲድ ነቅለው የሚያመጡ ጎረምሶች ናቸው።

ሲስተር ቦጉሚላ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ከጦር ሚኒስቴር የሚመጣው የመርዶ ቴሌግራም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የእናቶቻችን እንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ስንት ነው?» እና ከ«ተወደደ!» አያልፍም። አንዴ አንዲት እናት ቴሌግራሟን እንግሊዝኛ አውቃለሁ ባይ ጎረቤቷ እንዲያነብላት ሰጠችው። እሱም አላውቅም ለማለት አፍሮ፣ «ልጅሽ ተሹሟል» አላት። ሁለት ቀን ቋሊማ ተበላ፣ በአኮርዲዮን ተጨፈረ። በሦስተኛው ቀን ቄሱ መጡ። ከዚያ ወዲያ ቄሱ ቆረጡ፦ ቴሌግራም መጀመሪያ ገዳም ይገባል፤ ሲስተር ቦጉሚላ ያነቡታል፤ ቤቱ ድረስ ሄደውም በፖላንድኛ ይናገራሉ።

መነኩሲት ብቻዋን መንገድ አትወጣምና ሲስተር ቴክላ ይከተሏቸዋል። ሲስተር ቴክላ ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው የዚህኛው ጦርነት መጀመር ቀርቶ የፊተኛው ማለቁንም አልሰማም። ያዩትን ነገር እንደመሰላቸው ተርጉመው፣ ፈገግ እያሉ ከኋላ ይመጣሉ።

እንግዲህ ሁለቱም ሥራ አንድ ዓይነት ጥቁር ቀሚስ ለብሶ ነው በር የሚያንኳኳው። ድስትህን ፈልገው ይሁን ሌላ ነገር ይዘው፣ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ አይታወቅም።

ሲስተር ቦጉሚላ አሥራ አንድ ቴሌግራም አድርሰዋል። አሥራ ሁለተኛው ሰኞ ዕለት መጣ። ዜኖን ቭሮና፣ ኢጣሊያ። እኛ ዜኔክ የምንለው፣ የባልቴቷ የወይዘሮ ፔላጊያ አንድ ልጅ። ሰባት ጊዜ ስምንት አልገባ ብሎት ሦስተኛ ክፍልን ሁለቴ ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። ሌላውን ልጅ ሁሉ አንድ ዓመት ቀጥቅጠው ይለቁታል፤ ከዜኔክ ጋር ግን ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል።

ቄሱ፣ «እሑድ በቅዳሴ ስሙን ከሙታን ጋር እጠራለሁ። ከዚያ በፊት እናቱ ከአንቺ አፍ ትስማ» አሏቸው።

ቴሌግራሙን ሰፊው እጅጌያቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። ገና ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ፔላጊያ የጎመን ድስታቸውን ታቅፈው ቆመዋል።

«እንደምን ዋሉ ሲስተር! ለብረቱ ነው አይደል?»

«ወይዘሮ ፔላጊያ፣ እኔ እንኳን የመጣሁት...»

«አውቃለሁ እኮ! ለብረቱ ነው። እንኩ። ይኼ ድስት ከታንክ ይጠነክራል።»

«እስቲ ይቀመጡና ላናግርዎ።»

«ምን መቀመጫ ጊዜ አለኝ፣ ልብስ ዘፍዝፌ! ይያዙት እንጂ፣ ክንዴ ዛለ። ለዜኔክ እኮ ነው።»

የሲስተር ቦጉሚላ ምላስ ሲያመነታ እጃቸው ቀድሞ ድስቱን ተቀበለ። በሩ ተዘጋ። ሲስተር ቦጉሚላ ድስቱን አቅፈው ሲመለሱ አንዱ ከመሸታ ቤቱ መስኮት አንገቱን አስግጎ፣ «ድስት ነው! ድስት ብቻ ነው! ቁራሌው!» ብሎ ጮኸ። መጋረጃው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፤ ሬዲዮው ተከፈተ፤ አቶ ዋቭሪን ለቤቱ በሙሉ አንዳንድ ቢራ ጋበዘ። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

ማክሰኞ ሲሄዱ መጥበሻውና ሁለት የልብስ ካውያ በር ላይ ጠበቋቸው። ረቡዕ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ፣ ልብሱ ገና እያንጠባጠበ። «ነገ ደግሞ የምድጃውን በር እፈታልዎታለሁ» አሉ ወይዘሮ ፔላጊያ፣ ሲስተር ቦጉሚላ አፋቸውን እንዳይከፍቱ ሳያርፉ እያወሩ። ቃል አልበሉም፤ ሐሙስ ዕለት ፈቱት። የሚያበስሉበትም የሚበሉበትም ነገር አልቆ ጥሬ ጎመን እየቆረጡ በባዶ የማርማላታ ብርጭቆ መብላት ጀመሩ።

ሲስተር ቦጉሚላ ማታውኑ እመ ምኔቷ ፊት ተንበረከኩ። «አልቻልኩም። ሌላ ሰው ይላኩ።»

«ሌላ ማን እንግሊዝኛ ያውቃል? ነገም ሂጂ» አሉ እመ ምኔቷ። ትእዛዝ ነው፤ መነኩሲት ትእዛዝን እንቢ አትልም። «ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን ልትበልጪ ነው አሉ። በርቺ!»

በለጡም። ዓርብ ዕለት፣ በወይዘሮ ፔላጊያ የምድጃ በር ክብደት ልክ በልጦ፣ ሦስተኛ ክፍል ባንዲራውን ወሰደ። ሕፃናቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ጨፈሩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ተጨፍሮ ሲስተር ቦጉሚላ ሳይቆጡ ሲቀሩ ያኔ ነው የታየው። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው መልሰው ቆመው ነበር። ከዚያ እንደ ትእዛዙ ሄደው፣ ሁለት ባልዲና የበር መቀርቀሪያ ይዘው ተመለሱ።

ቅዳሜ መጣ። ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር የለም፤ ነገ እሑድ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሚዘጋበት መቀርቀሪያ ከሰል ሻጩ ዘንድ ነው። በፊተኛው ክፍል ግድግዳው ላይ ከተሰቀለችው የእንጨት መስቀል በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ፔላጊያ ከጓዳው ተጣሩ፤

«ይግቡ ሲስተር! አልጋው ቀርቷል። የዜኔክ አልጋ። ድፍን ብረት ነው። በዚያ በኩል ይያዙልኝ።»

ሲስተር ቦጉሚላ ደነገጡ። ፍራሹ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ኧረ አልጋውንማ አይሆንም! ዜኔክ ሲመለስ የት ሊተኛ ነው?»

ከአፋቸው አመለጠ። ሳምንቱን ሙሉ የታሰረው ምላስ ተፈትቶ ያወጣው ይኼንን ነው።

ወይዘሮ ፔላጊያ አልጋውን ለቀቁት።

«ምን አሉ?»

ሲስተር ቦጉሚላ ዓይናቸውን ፍራሹ ላይ ተከሉ።

«ሲመለስ ነው ያሉት። በጆሮዬ ሰማሁ! እርስዎ ደግሞ ውሸት አያውቁም።» ሴትየዋ ሳቁ፤ እየሳቁ እንባቸው ወረደ። «ወይ እኔ ጅል! እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው የሚመላለሱ መስሎኝ! ባዶ ቤት አስቀሩኝ እኮ፣ ልብ አድራቂ! ሰኞ ድስቴን ይመልሱልኛል፣ እምቢ ካሉ ለጳጳሱ ነው የምከስዎት!» ፍራሹን አነሱ፤ ዘረጉት፤ አንሶላውን ያነጥፉ ጀመር።

የሲስተር ቦጉሚላም እጅ ቀድሞ የአንሶላውን ጫፍ ያዘ።

ሲስተር ቴክላ ግን ስድስት ቀን ሙሉ ሲያዩ ነው የከረሙት። በተወለዱበት መንደር ልጇ የሞተባት እናት ዕቃዋን ለነፍሱ ትመጸውታለች። ድስቱንም፣ ገንዳውንም እንደዚያ ነው የተረጎሙት፤ ቴሌግራሙ ላይ የልጁን ስም አይተው ስለነበር፣ መርዶው ሰኞውኑ የተነገረ መስሏቸዋል። አሁን ወይዘሮ ፔላጊያ ሲያለቅሱ ሲያዩ ጠጋ ብለው ሁለት እጃቸውን ያዙና፣ ደንቆሮ ሰው በሚናገርበት፣ እስከ መሸታ ቤቱ በሚሰማ ድምፅ፣

«አይዞሽ ልጄ» አሏቸው። «ስድስት ቀን መጸወትሽለት። አምላክ ዜኔክን በገነት ያሳርፈው።»

ወይዘሮ ፔላጊያ እጃቸውን አልነጠቁም። በሲስተር ቴክላ ትከሻ ላይ አሻግረው ሲስተር ቦጉሚላን ተመለከቱ።

«ተሳስተዋል ይበሏቸው እንጂ፣ ሲስተር። ሰውን ሁሉ ሲያርሙ የኖሩ አይደሉም?»

ሲስተር ቦጉሚላ አላረሙም። እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተው ቴሌግራሙን አወጡት። በላብ ርሶ እየደረቀ እንደ አሮጌ መሐረብ ሆኗል።

ወይዘሮ ፔላጊያ ግማሹ የተነጠፈው አልጋ ላይ ተቀመጡ። «ያንብቡት።»

በፖላንድኛ ነገሯቸው። ሦስት መስመር አይሞላም።

«አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛው።»

«እንግሊዝኛ አይገባዎትም እኮ፣ ወይዘሮ ፔላጊያ።»

«ስለማይገባኝ ነው።»

ሲስተር ቦጉሚላ በእንግሊዝኛ አነበቡት። ሲጨርሱ ሴትየዋ በእጃቸው «ይድገሙት» አሉ። ደገሙት። ሰባት ጊዜ ነው የሚሉ አሉ፣ ስምንት ነው የሚሉም አሉ። ሲስተር ቴክላ የሲስተር ቦጉሚላ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይተው ጸሎት ነው ብለው እንደምንም ተንበረከኩ፤ ንባቡ ባበቃ ቁጥርም ጮክ ብለው «አሜን» ይሉ ነበር።