የፎቁ በረንዳ ደፍ

እኔ ፎቅ ቤት አልወድም። ልጆቼ «ጀመራት ደግሞ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። አሰላ ውስጥ ፎቅ በጣት በሚቆጠርበት ዘመን እኛ ፎቅ ነበረን፤ የማውቀውን አውቃለሁ።

አባቴ ዋናው መንገድ ዳር የአቡጀዲና የስኳር ሱቅ ነበረው። አሮጌውን የጭቃ ቤት አፍርሶ ፎቁን ያሠራው ንጉሡ ሊወርዱ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ታች ሱቁ፣ ላይ ወለሉ ጣውላ የሆነ መኖሪያችን፣ ከመኖሪያው ፊት ደግሞ ወደ መንገዱ የወጣ የሲሚንቶ በረንዳ። ሰፈሩ «ሀብቱን ሊያሳየን ነው» ብሎ አማው። ውሸት ነው። በረንዳው የተሠራው ለእናቴ ነው። ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ ወገቧ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ይዛ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች እንጂ ከመሬት ማንሳት አትችልም። በአሮጌው ቤት ከሱቁ ጀርባ፣ ጓዳው ጨለማ ውስጥ ስኳር በጆንያ በተደረደረበት ነበር የምትውለው። አባቴ ፀሐይ ታግኝ ብሎ ነው።

በረንዳው በር ላይ ሲደርሱ ግንበኛው «ጋሼ፣ ደፉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። የጭላሎ ተራራን ዝናብ ያውቁታል፤ ንፋሱ እያገላበጠ ነው የሚያመጣው» አለው።

«እሷ በምን እግሯ ትሻገረዋለች? ከወለሉ እኩል አድርገው።»

«ውሃ ይገባል።»

«ይግባ!»

ግንበኛው «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። በረንዳውን ውሃ እንዳያሰርግ ካትራሜ ደጋግሞ ቀባው፣ በላዩ ሲሚንቶ ለሰነ፣ ወደ አንዱ ጥግ አዘቅዝቆ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አበጀለት። ሐቁን እንናገር ከተባለ ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል። የመጀመሪያውን ክረምት፣ ዝናቡ በንፋስ ሲመጣ በሩ ሥር ጆንያ አንጥፈን በሰላም አለፍን።

እናቴ እዚያ በረንዳ ላይ ሰው ሆነች። ጠዋት እግሯን እየሳበች በራሷ ትወጣለች፤ ማንም አይደግፋትም፣ መደገፍም አትወድም። በገበያ ቀን ከሳጉሬ ቅቤ ይዘው የሚመጡት ሴቶች ከታች «አከም ጂርታ!» ይሏታል፤ እሷም ከላይ በኦሮምኛ ትመልስላቸዋለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፣ ትተርባቸዋለች። ሥራም አገኘች። ለወፍጮ የታጠበ ስንዴ በረንዳው ላይ ይሰጣል፤ እሷ ሸምበቆዋን ይዛ ወፍ ትከለክላለች። «ስጥ ጠባቂ ሆንኩላችሁ፤ ደሞዜን ወዲህ በሉ» ትለን ነበር።

ችግሩ ስንዴው ወደ ቀዳዳው እየተንከባለለ መንገድ ላይ መፍሰሱ ነው። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ከሥሩ ተኮልኩሎ ይጠብቃል። «የሰው ዶሮ የምቀልብ ነኝ እንዴ? ወትፉት!» አለች። እህል የሚያሰጣ ሰው እንደሚያደርገው በአሮጌ ጨርቅ ጥርቅም አድርገን ወተፍነው። ስጡ ሲነሳ ጨርቁ ይነሳል፣ ስጡ ሲሰጣ ይወተፋል፤ እንዲያ ለመድን።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የበልጉ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደ። እኔ ታች ለአባቴ አቡጀዲ እየጠቀለልኩ ነበር። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ያወቅነው ከጣውላው መሐል ውሃ አቡጀዲው ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። ወይ ነዶ! አባቴና እኔ ደረጃውን ሮጠን ወጣን።

እናቴ በረንዳው ላይ በሆዷ ተኝታለች። ውሃው ገንዳ ሆኗል፤ ደፍ የለ፣ እንደ ልቡ ወደ ቤት ይገባል። ስንዴው ዙሪያዋን ይንሳፈፋል። ከወንበሯ ወርዳ በደረቷ እየተሳበች ጥጉ ድረስ ሄዳ፣ ጨርቁን በጣቶቿ ትጎረጉራለች። ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። ከመንገዱ ማዶ ዝናብ የተጠለለው ሰው በብረቱ አጥር በኩል ያያታል። አባቴ ብድግ አድርጎ ሲያቅፋት «አውርደኝ! ሰው እያየ!» ብላ ደረቱን መታችው።

በሳምንቱ አባቴ ደፉን ከፍ ሊያስደርግ ግንበኛውን መልሶ ጠራው። እናቴም አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለምነው ሰማሁ።

«ሁለተኛ አልወትፈውም። ስጡም ይቅር። ደፉን ብቻ ተወው።»

«አይሆንም። ሞተሽ ባገኝሽስ?»

«እዚህ ውስጥ ነው የምሞተው።»

«እኔ አለሁ አይደል? ጠዋት ጠዋት አቅፌ አሻግርሻለሁ።»

«እንደ ጆንያ? ገበያው እያየ?»

አባቴ የፈራው ለእሷ ይሁን ለአቡጀዲው እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ለአቡጀዲው ነው ብዬ ነበር፤ ብዙ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ግንበኛው ደፉን ከስንዝርም አስበልጦ በሲሚንቶ ገነባው። ሲደርቅ እናቴ መቃኑን ይዛ ቆመች። ጭኗን በእጇ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። እግሯ ደፉን መትቶ ተመለሰ። ደግማ ሞከረች። ከዚያ «በቃ» አለችና ወደ ወንበሯ ዞረች።

ያ ክረምት የጉድ ነበር። የጎረቤት ቤት ሁሉ ሲያፈስ እኛ ጠብታ አልገባብንም። ሰው እየመጣ ደፉን እያየ ያደንቃል፤ «ታድላችሁ፣ የቤት ደረቅ!» ይላሉ። እናቴም ከወንበሯ ሆና «ተመስገን፣ ደረቅ ነው» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን እንግዶቹ እንደወጡ ጠራችኝ።

«ወንበሬን አዙሪልኝ።»

«ወዴት እማዬ?»

«ወደ ግድግዳው። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።»

ሰማዩ ጠቁሮ ክፍሉ ድንግዝግዝ ብሎ ነበር። አልተከራከርኳትም፤ አዞርኳት። አባቴ ለምሳ ሲወጣ ጀርባዋን ለበረንዳው ሰጥታ አገኛት። ቆመና እሷንም በሩንም አየ።

«ዝናቡ አባርቷል» አላት ቀስ ብሎ። «ትንሽ ላውጣሽ?»

ፊቷን አላዞረችም። «ምን አለ እዚያ?» አለችው።

አባቴ ምሳው እንደቀረበ ትቶት ወደ ሱቁ ወረደ።