ፕላስተሩን ካነሳሁ በኋላ የመጣው ማዞር

ዓርብ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ቤቴ ሞጣ ነው፤ በመሃል ግን ቢቸና እወርዳለሁ። እሑድ የጓደኛዬን የየሺን ሴት ልጅ ክርስትና አነሳለሁ። የሺና እኔ ፊደል የቆጠርነው ከጎለመስን በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ልጅቱ ከተረገዘች ጀምሮ ይቺን እሑድ ስጠብቃት ነበር።

መኪና አይስማማኝም። ውጭ አገር ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ፍሬ ከጆሮ ኋላ የሚለጠፍ ፕላስተር ልካልኛለች። ለሥልጠና አዲስ አበባ በሰነበትኩባቸው ሳምንታት የከተማውን ታክሲ የቻልኩት እሱን እየቀያየርኩ ነው። አፍ ያደርቃል፣ የመጽሐፍ ፊደል ያደበዝዛል። ሌላ ክፋት አላየሁበትም።

ረፋድ፣ ዓባይ በረሃ

መንገዱ ይጠማዘዛል። ፌስታል ይታደላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ ሎሚዋን አፍንጫዋ ላይ ደቅናለች።

«አንቺ ከምን ተሠርተሽ ነው?» አለችኝ። ከጆሮዬ ኋላ ያለውን አሳየኋት።

«እስኪ ለእኔም!»

መድኃኒት እንደ ማስቲካ አይታደልም ብዬ እምቢ አልኩ። እስከ ደጀን አኮረፈችኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቢቸና

የሺ ግቢ ድንኳን ተጥሏል፤ ጠላ ይቀዳል፤ የአማቷ የእማማ አንጓች ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ማታ ፕላስተሩን ላጥኩት። እሑድ እቆርባለሁ፤ በቆዳ የሚገባ መድኃኒት ጾም ይገድፋል ብዬ ነው። ማንንም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ እዚያው

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይዞር ጀመር። ብተኛም አልጋው እንደ አውቶቡስ ይታጠፋል። ራሴን ይወቅረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፤ መኪና ግን የለም። ፍሬ ዘንድ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ ስታነሺው ነው የሚመጣው!» አለች። «ሰውነትሽ ለምዶት ነበር። ቀናት ሊቆይ ይችላል። እኔ እኮ ለረጅም መንገድ ብቻ ነበር ያልኩሽ።»

«መልሼ ብለጥፈውስ?»

«ምናልባት ያስታግስልሽ ይሆናል፤ ስታነሺው ግን እንደገና ሊጀምርሽ ይችላል። ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትለጥፊ።»

እማማ አንጓች በሩ ላይ ሆነው ሰምተዋል። «ይቺ ሴትዮ ራሷን ችላ መቆም አቅቷት የልጅ ልጄን ልትታቀፍ? ሌላ ሴት ታንሳ!»

«ከእሷ ሌላ ማንም አያነሳም» አለች የሺ።

የንስሐ አባታቸው መምሬ ተጠሩ። የሆነውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ማን አንሺው አለሽ?»

«ጾም ይገድፋል ብዬ…»

«ለከንፈርሽ ቫዝሊን ትቀቢ የለ? ምናለ ብትጠይቂ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠነከረ። «ልጅቱን ታቅፈሽ፣ ወደ ምዕራብ ዞረሽ ሰይጣንን ትክጃለሽ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ ታምኛለሽ። መዞሩን ትችይዋለሽ?»

«አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ጠዋት እናያለን።»

እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን

ጠዋትም ያው ነው። የሺ ቀሚሴን አልብሳ መቀነቴን አጥብቃ አሰረችልኝ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ገባሁ። ልጅቱን ሲሰጡኝ ክብደቷ ትንሽ አረጋጋኝ። ወደ ምዕራብ ቆሜ እጄን አንስቼ ካድኩ። መምሬ «ወደ ምሥራቅ» ሲሉ ግን እግሬ አልታዘዘኝም። ከተንቀሳቀስኩ ሁለታችንም እንወድቃለን።

አንድ እጅ ከኋላዬ መቀነቴን ጨበጠ።

«ዙሪ፤ ይዤሻለሁ» አሉ እማማ አንጓች በጆሮዬ።

ውሃ የሞላ እንስራ እንደሚያዞር ሰው ቀስ አድርገው አዞሩኝ። እኔ ስቆም ምሰሶዎቹ መዞራቸውን ቀጠሉ። ዓይኔን ጨፍኜ «አምናለሁ» አልኩ። ተጠምቃ እየጮኸች ስትሰጠኝም መቀነቴን አልለቀቁም። አልጣልኳትም።

ሰኞ፣ ሞጣ

ያለ ፕላስተር ተሳፈርኩ። ጉንደ ወይን ላይ መኪናውን አስቁሜ አስታወክኩ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ። ሞጣ ስወርድ መሬቱ ገና ይወዛወዛል። ነገ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። መናኸሪያው አጥር ላይ ተደግፌ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«አበልጄ!» አሉ እማማ አንጓች። በዚህ ስም የጠራኝ ሰው ከዚህ በፊት የለም። «ቆመሻል?»

«ቆሜያለሁ» አልኳቸው፤ አጥሩን ሳልለቅ።