የኋላው ግራ ታንቡር

እኔ አስር አለቃ ውበቱ ነኝ። ከአለም በር ቁልቁለት እስከ ሐሙሲት ባለው መንገድ ስሜን የማያውቅ ሾፌር ካለ መሪ የጨበጠው ትናንት ነው። መካኒክነትን ማንም አላስተማረኝም። በወጣትነቴ ሰሜን ግንባር ስዘምት ለጥገና ክፍሉ ውሃ ቀጂ ነበርሁ። ባለሙያዎቹ ሲፈቱ አየሁ፤ ሲገጥሙ አየሁ። አንድ ቀን ዋናው መካኒክ ቆስሎ ሲወሰድ ፈትቶ የተወውን የአንድ መኪና የፊት እግር ብቻዬን ገጠምሁት፤ መኪናው ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ አልቀዳሁም።

ስሰናበት ወረታ ላይ ጋራዥ ከፈትሁ። የፍሬን ሸራ ማለቁን ከሽታው እለያለሁ። ባሌስትራ የሚባለው፣ ጭነቱን ከጎማው በላይ ተሸክሞ የሚለጠጠው የብረት ንብርብር፣ የቱ ጋ እንደተሰበረ መኪናው ገና ከሩቅ ሲመጣ በአካሄዱ አውቃለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የምጽፈው ግን ስለዚያ ግንባር አይደለም። በቅርብ ዓመታት ጦርነቱ ከአለም በር በላይ ካለው ተራራ ወዲያ ማዶ ድረስ መጥቶብን ነበር፤ የምጽፈው ስለዚያ ክረምት ነው። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ደርሶ ስለነበር ጠመንጃ የሰጠኝ የለም። መዶሻዬን ያዝሁ።

ትዕዛዙ የደረሰን ነሐሴ ውስጥ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የከተማችን ሩዝ ጫኝ መኪኖች ስንቅ ይዘው ተራራውን ይወጣሉ፤ ቁስለኛ ይዘው ይወርዳሉ። አንድም መኪና ለብልሽት ቆሞ እንዳይውል። መኪኖቹ አሥራ አንድ ነበሩ። እኛ ሁለት ነበርን፣ እኔና ኑሩ። ኑሩ ከጋራዤ ፊት ለፊት መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ ያለውን ዕቃ በጋሪ አስጭኖ መጣ።

«እኔ ብረት እሸጣለሁ እንጂ ብረት አልፈታም» አለኝ።

«ክሪክ ማንሣት ትችላለህ?»

«እሱማ ምን ገዶኝ።»

«እንግዲያው ወታደር ሆነሃል።»

«ሹመቴስ?»

«ከኔ በታች።»

ከዚያ ጀምሮ ለጁምዓ ሶላት ካልሆነ በቀር ከጎኔ አልራቀም።

የመጀመሪያው ችግራችን ንጥረት ነበር። የጭነት መኪና ሃምሳ ኩንታል እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ ዘጠኝ ቁስለኛ ለባሌስትራው ምኑም አይደለም። ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሰዎቹን እንደ ባቄላ ያነጥራቸዋል። አጥንታቸው የተሰበረ ልጆች ወረታ ሲደርሱ ጮኸው ጮኸው ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ሁለት ቀን አሰብሁ። በሦስተኛው ቀን ከእያንዳንዱ የኋላ ባሌስትራ ሦስት ሦስት ብረት አወጣሁና መልሼ አሰርሁት። መኪናው ለሰለሰ። በስተላይ ከሩዝ መፈልፈያው ገለባ በጆንያ አስሞልተን አነጠፍን። ይህን በመጽሐፍ አላነበብሁትም፤ የነገረኝም የለም።

ደሴ የሚባል ሾፌር ነበረ፤ ሰላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ፈጥኖ የሚናገር። በማግሥቱ ሲወርድ ከመኪናው ሳይወርድ አንገቱን አውጥቶ ጠራኝ።

«አያ ውበቱ፣ ዛሬ አንድ ልጅ ሙሉ መንገድ ተኝቶ መጣ።»

«ሞቶ እንዳይሆን።»

«ኧረ ያንኮራፋል።»

ያን ቀን ራቴን በደንብ በላሁ።

ሁለተኛው ችግር ፍሬኑ ነበር። የጎማው ፍሬን ታንቡር በሚባል ክብ ብረት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሸራው ከውስጥ ሲገፋው ጎማውን ይይዛል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ታንቡር ተሰንጥቆ መጣ። ሸራ ለወጥሁ፤ አልሆነም። ደለል ገብቶ ይሆናል ብዬ አጠብሁ፤ አልሆነም። እንቅልፍ ነሣኝ። ጠዋት ቁርሴን ቆሜ እበላ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁህ። ጩኸቴ ጉማራ ወንዝ ድረስ ይሰማል፤ አንተ ዘንድ ብቻ አይደርስም።»

«ሐሳብ ላይ ሆኜ ነው» አልኋት።

ከተራራው ወዲያ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ እሰማ ነበር፤ በደረቴ ጭምር። ያን የሚሰማ ጆሮ ምን ይጎድለዋል?

ነገሩን ያወቅሁት አብሬ ወጥቼ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለችው ወንዝ ዳር ስንደርስ ደሴ ቆመ። ሌሎችም ሁለት መኪኖች ቆመው ነበር። ሾፌሮቹ ባልዲ ይዘው ወረዱ፤ ቀዝቃዛውን ውሃ በጎንና በኋላ ጎማዎቹ ላይ ያፈሱት ጀመር። እንፋሎቱ እንደ ጭስ ተነሣ። ታንቡሩ ከቁልቁለት ወርዶ እሳት ሆኗል፤ የጋለ ብረት ላይ ውሃ!

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልሁ።

ደሴ ባልዲውን አላስቀመጠም። «ደሙ ከላይ እየወረደ ጎማው ላይ ይደርቃል፣ አያ ውበቱ። ወረታ መገንጠያው ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ሲጠብቁ ቆመዋል። ይህን ካዩ እመኪናው ሥር ነው የሚወድቁት። ትናንት አንዷን በእጄ አነሣሁ።»

«ታንቡሩን እየገደልኸው ነው።»

«አንቱ ደግሞ እናቶቹን ግደል ነው የሚሉኝ።»

እውነት ነው፤ መገንጠያው ላይ በየቀኑ ከሃምሳ የማያንሱ ሴቶች ይቆሙ ነበር። በዝናብም ይቆማሉ። መኪና ሲመጣ ጎኑን እንጂ ሾፌሩን አያዩም።

በዚያው ቀን ሳይመሽ እኔና ኑሩ የማዳበሪያ ጆንያ ቀደን፣ ሰፍተን፣ በእያንዳንዱ መኪና ጎን ከጭነቱ ወለል እስከ ጎማው አጋማሽ መጋረጃ አደረግንለት። ደሙ በጆንያው ይቀራል፤ ጆንያው ወንዝ ዳር ተፈትቶ ይታጠባል፤ ጎማው ውሃ አይነካውም። ከዚያ ወዲያ ውሃ ያፈሰሰ የለም። ግን ቀድሞ የፈሰሰው ፈስሷል። ስለዚህ የአሥራ አንዱን መኪና ታንቡር ሁሉ መመርመር ነበረብን።

ታንቡር የሚመረመረው በመዶሻ ነው። ተፈትቶ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ቀስ ተደርጎ ይመታል። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ድምፁም ይቆያል። ስንጥቅ ካለው ዱብ ብሎ ይቀራል። ስንጥቁ ፀጉር ያህል ሲሆን ዓይን አያየውም። ይህን የተማርሁት ሰሜን ግንባር ነው፤ ለኑሩም ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

መስከረም ገባ። ከመኪኖቹ የመጨረሻው የደሴ ነበር። ዓርብ ዕለት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈታነው። አንድ ሰዓት ላይ መውጣት አለበት፤ ከላይ ቁስለኛ ይጠብቃል። ሦስቱን መታሁ፤ አለፉ። አራተኛውን፣ የኋላውን ግራ፣ መታሁ።

«ደህና ነው» አልሁ።

ኑሩ ጆሮውን ወደ ታንቡሩ አስጠጋ። ከዚያ «ድገመው እስቲ» አለኝ።

ደገምሁት።

«አልጮኸም፣ ውበቱ።»

«ጮኸ እንጂ።»

«እኔ አልሰማሁም። አንድ አዲስ ታንቡር ቀርቶኛል። እንቀይረው፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

ደሴ ኮፍያውን እያሽከረከረ ቆሞ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል።

እውነቱን ልጻፍ። እኔም የደወሉን ድምፅ አልሰማሁም። ግን የፊተኞቹን ሦስትም አልሰማኋቸውም ነበር። ያሳለፍኋቸው መዶሻው በእጄ ላይ ሲነጥር እየተሰማኝ ነው። አራተኛውም ነጠረ። ይህን ለኑሩ ብነግረው ያለፉት አርባ ታንቡሮች ሁሉ ምን ሊባሉ ነው? በዚያች ደቂቃ ያሰብሁት ይህን ነው፤ ስለ ደሴ አላሰብሁም።

«አንተ ብረት ትሸጣለህ እንጂ ብረት አትሰማም» አልሁት።

ኑሩ ቡሎኑን አቀበለኝ። ገጠምን። ደሴ አንድ ሰዓት ሲሆን ወጣ።

ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልሁም። የተገጠመ ፈትቼ ገጠምሁ፤ የተጠረገ ጠረግሁ። ኑሩ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሦስት መኪኖች ወረዱ። የደሴ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መገንጠያው ድረስ ሄጄ ከሴቶቹ ኋላ ቆምሁ። አንዷ ዞራ «ያንተም ልጅ አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኋት።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል መጣ። መኪናው ከመጨረሻው ጥምዝ በታች ሩዝ ማሳ ውስጥ ገብቷል አለን።

የሆነው ይህ ነው። ጥምዙ ላይ ታንቡሩ ለሁለት ተከፈለ። የፍሬን ዘይቱ ፈሰሰ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ። ደሴ በሁለተኛ ማርሽ ያዘው፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ተቃጠለ። ፊት ለፊት ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ላይ ሰው አለ። መሪውን ወደ ማሳው ሰበረው። የፎገራ መሬት በክረምት በሬ ይውጣል፤ መኪናውንም እስከ ወገቡ ዋጠው። አልተገለበጠም። ብረቶቹን ባላወጣሁለት ኖሮ ዘጠኙንም ከላይ ያራግፋቸው ነበር፤ ይህን ደሴ ራሱ መስክሯል።

ስንደርስ ገበሬዎቹ ቁስለኞቹን በትከሻቸው ከጭቃው እያወጡ ነበር። የደሴ ክንድ ተሰብሯል።

«ሩዙ ያዘን፣ አያ ውበቱ» አለኝ።

«የኔ ጥፋት ነው» ማለት ነበረብኝ። «አይዞህ» አልሁት።

ከዘጠኙ ስምንቱ በሕይወት ወጡ። ዘጠነኛው ምናሉ የሚባል የአንበሳሜ ልጅ ነበር፤ ጭኑ ላይ የተመታ። ስናወጣው ሞቶ ነበር። ሐኪሙ ደሙ ቀድሞውንም አልቆ ነበር አለ። ጭቃ ውስጥ ያለፈው ግማሽ ሰዓት ግን ግማሽ ሰዓት ነው።

ኑሩ «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። እስከ ዛሬም አላለም። የቀሩትን መኪኖች ታንቡር በማግሥቱ ያለ ትዕዛዝ እንደገና መፍታት ጀመረ፤ እኔም መዶሻውን አቀበልሁት።

ኅዳር ላይ፣ ሩዙ ከታጨደ በኋላ፣ አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ዱላውን ተመርኩዞ ሰላም አለ።

«አስር አለቃ ውበቱ አንቱ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የምናሉ አባት ነኝ። ካሳ ፍለጋ አልመጣሁም። እናቱ ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት አጣሁ። ልጄን የገደለው ጥይት ነው ወይስ መኪናው?»

ኑሩ ሥራውን አቆመ። የሐኪሙን ቃል ነገርሁት። ያ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሰውየውም ሊሄድ ነበር። ግን ወደ ውስጥ ገባሁና አንድ ሌላ ታንቡር አመጣሁ፤ ከሌላ መኪና የወጣ፣ ስንጥቁ የማይታይ። አንጠልጥዬ መዶሻውን ሰጠሁት።

«ይምቱት።»

መታው። ዓይኑን እንኳ አላነሣም።

«ይህማ ነቅቷል» አለ። «ባለቤቴ እንዲህ የሚል እንስራ ገበያ ላይ ብታንኳኳ ትታው ትሄዳለች።»

«የልጅዎ መኪና ታንቡር እንዲህ ብሎ ነበር። ይህ ሰው ሰምቶ ነገረኝ። እኔ አልሰማሁም፤ ሰማሁ ብዬ አሳለፍሁት።»

«ምነው?»

«ጆሮዬ አይሰማም» አልሁት። ይህን ለማንም ብዬ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴም።

ሰውየው በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኑሩ ውሃ ሰጠው፤ ጠጣ።

«ለእናቱ ምን ልበላት?»

«የሰሙትን።»

ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ። አልመረቀኝም፤ አልረገመኝም። «ደህና ይሁኑ» ብሎ ወደ አንበሳሜ መንገድ ሄደ።

ከተራራው ወዲያ ስንት ሰው እንደሞተ የሚያውቁ ይጻፉት። በእኛ መኪኖች ላይ መንገድ ላይ ያረፉ አሥራ አራት ነበሩ። ሾፌር ሁለት አጣን፤ ሁለቱም ከተራራው ላይ ሳሉ፣ ሲጭኑ ነው የተመቱት። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱን የወሰደውን አውቃለሁ።

እኔ የሠራሁት ይህ ነው፤ የቆጠረልኝ ስለሌለ ራሴ ቆጥሬዋለሁ። የሃያ ሁለት ባሌስትራ ብረት አውጥቼ አለሰለስሁ፤ ሰላም ሲሆን ሁሉንም ወደ ቦታው መለስሁ። የአሥራ አንድ መኪና መጋረጃ ሰፋሁ፤ መርፌ ይዤ አላውቅም ነበር። ወንዝ ዳር ውሃ ማፍሰሱን አስቀረሁ። ሰባት ቀን መኪና ስር ዋልሁ፣ ዝናብ እየወረደብኝ። የደሴን መኪና ከጭቃው በአሥራ ስድስት በሬ አስወጥቼ፣ በስምንተኛው ቀን ለመንገድ አበቃሁት፤ ደሴ ክንዱ ድኖ ዛሬም ይነዳዋል። አርባ አራት ታንቡር በራሴ ጆሮ አሳለፍሁ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሁሉ እኔ እመታለሁ፤ ኑሩ ይሰማል።