ያልተቀመሰው መጅቡስ

በዓረብ አገር፣ በባያን ሰፈር በአንድ ቪላ ውስጥ ወጥ ቤቱን ለዓመታት ይዛ የኖረችው ውብነሽ፣ ኑራ ከወሎ ከመጣች ወዲህ ሰላሟን አጥታለች። ኑራ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ የማዳምን ልጅ የምታስጠናውም እሷ ነች።

የነቢያት ጾም ነበር። ውብነሽ ስትጾም የሥጋውን ጨው የምትቀምስላት ኑራ ናት። በዚያን ቀን ልጅቱ ከመጽሐፏ ቀና ብላ «‹ቤኔፊት› ምን ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«መጠቀም ማለት ነው» አለች ኑራ በዓረብኛ። «ውብነሽ ታበስላለች፣ እኔ እቀምስላታለሁ፤ ሁለታችንም እንጠቀማለን።»

አጠገባቸው የነበረችው ማዳም ሳቀች። ውብነሽ ግን ሙያዋ ያለ ኑራ ምላስ ዋጋ እንደሌለው ለማዳም የተነገረባት መሰላት።

ቆይታ ኑራ ማንኪያ ይዛ መጣች። «እትዬ ውብነሽ፣ ልቅመስልሽ?»

«ቤኔፊትሽን ለራስሽ ያዢው!» አለቻትና መጅቡሱ ላይ በግምት ጨው ጨምራ፣ ሩዙን ከነሥጋው ለማዳም እንግዶች ላከችው።

ጨው በዝቶበት ነበርና ትሪው ብዙም ሳይነካ ተመለሰ። ማዳም እየተቆጣች ገባች፦ «ይህን ያበላሸ ሰው ከእንግዲህ ወጥ ቤቴን አይረግጥም!»

«እኔ ነኝ፣ ማዳም። ቀምሼ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ኑራ።

ውብነሽ ወጥ ቤቷ ተረፈላት። ነገር ግን በኑራ ቦታ ብትሆን ይህን ለማለት ልብ እንደማይኖራት ታውቃለችና፣ ቅናቷ ከበፊቱ ባሰ።