የኦቦ ባቻ ጆሮ

የዚያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። የሰኔ ዝናብ ነቀምትን ሲይዛት ዝም ብሎ ነው የሚይዛት፤ ነጎድጓድ የለው፣ ነፋስ የለው፣ ቆርቆሮው ላይ እንደ ገብስ እየተዘረገፈ ይውላል። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ጭቃ ስለሆነ ካርድ የሚሰጠው ክፍል ውስጥ ሆነ። ወላጆች ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። ዣንጥላ ያለው ዣንጥላውን አጥፏል፣ የሌለው ላስቲኩን ያራግፋል። ኦቦ ባቻ የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ማዕዘን ወደ ውስጥ አጥፈው እንደ ቆብ ደፍተውት ነበር የመጡት። ሄደው ከሰው ሁሉ ፊት ቆሙ። የልጃቸው ስም ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መካከል እንደሚጠራ እርግጠኛ ነበሩ።

ልጃቸው ሌንሳ የወንበር ጓደኛዬ ናት። ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍልን አብረን ጨርሰናል። ስሟ ከሦስቱ መካከል እንደማይጠራ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ኦቦ ባቻ የመናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከኑኑ ቁምባ ሲመጡ ከጀርባቸው ሌላ የያዙት ነገር አልነበረም። ፊደል አልቆጠሩም። ግን ከሥራ ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡና «ደብተር!» ይላሉ። ሌንሳ ታቀርባለች። ገጽ በገጽ እየገለጡ የአስተማሪውን ቀይ ቀለም ይቆጥራሉ። ቀዩ አሥር ከሞላ በማግስቱ ሸንኮራ ይዘው ይገባሉ።

ራይቱን ከኤክሱ አይለዩም ነበር። እንዲያውም ኤክሱን ያስበልጣሉ። እሳቸው በሚጭኑበት የቡና መጋዘን ተመዝኖ ያለፈ ጆንያ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ይደረግበታል፤ ኤክስ የሌለበት ጆንያ መኪና ላይ አይወጣም። ስለዚህ የሌንሳ ደብተር በኤክስ በሞላ ቁጥር የእሳቸውም ደስታ ይሞላል። መናኸሪያው ድረስ ሄደው ያወሩታል። ጓደኞቻቸው «ፕሮፌሰር» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር።

«ፕሮፌሰር! ዛሬስ ስንት አለፈ?» ይላቸዋል አበጋዝ የሚባለው ባልደረባቸው።

«አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ሰባት! እባክህ ልጅቷን እኛ ጋ አምጣትና ጆንያ ታሳልፍልን!»

ሌንሳ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ዓመቱ አለቀ። ሸንኮራውን ሁልጊዜ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ለእኔ ትሰጣለች። የእኔ ደብተር ራይት ብቻ ነበር። ቤታችን ውስጥ ግን ደብተሬን የሚገልጥ ሰው አልነበረም። ሸንኮራ የምበላው በእሷ ኤክስ ነበር።

አስተማሪያችን ጋሽ እስክንድር መጥራት ጀመሩ።

«አንደኛ፣ የምሥራች አሳምነው!»

ተጨበጨበ። «ወላጅ?» አሉ። ማንም አልወጣም። አባቴ ቢሮ ነው፤ መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው። እናቴ ታማ ተኝታለች። ካርድ ያለ ወላጅ ስለማይሰጥ የእኔን ወደ ጎን አስቀመጡት። ሁለተኛ ተጠራ፣ ሦስተኛ ተጠራ። ኦቦ ባቻ ወደ እኔ ዞረው ጎንበስ አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የእኔዋን ዘለሏት እንዴ?»

«አልዘለሏትም፣ ኦቦ ባቻ።»

«ታዲያስ?»

ሌንሳ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛለች። ብዋሽ ምን ነበረበት? ግን እየጠበቁ ነው፤ ዓይናቸው ላይ ውሃ ይወርዳል፣ አይጠርጉትም።

«ኤክሱ ስህተት ማለት ነው።»

«ምኑ?»

«ያ እንደ ጆንያው የሆነው። ተሳስታለች ማለት ነው። ያለፈው ሌላኛው ነው።»

ሌንሳን አዩዋት። ከዚያ እኔን። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ከረጢታቸው ጫፍ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ትንሽ ሲያዩ ቆዩና፣

«እንግዲያ ያን ሁሉ ሸንኮራ በምን በላችሁት?» አሉ።

«ግማሹን የበላሁት እኔ ነኝ፣» ብዬ አለቀስኩ።

ሌንሳ ከሃምሳ አንድ ተማሪ አርባ ስድስተኛ ነበረች። ኦቦ ባቻ ወጥተው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙላትና ሳይመለሱ እዚያው ቆሙ።

«የዚያችንም ይስጡኝ።»

«አባቷ ነዎት?» አሉ ጋሽ እስክንድር።

«ዛሬ ነኝ።»

በእኔም ካርድ ላይ አሻራቸውን አሳረፉ። ካርዱ እስከ ዛሬ አለ።

እነሌንሳ ቤት ስንደርስ የሌንሳ እናት አዴ ወርቂቱ ነገሩን ሰምተው ጠብቀውናል። «ዓመቱን ሙሉ በስህተት ስታስጨበጭበን ከረምክ፣ አንተ ሰውዬ!» አሏቸው። ቢላ ከተማ የምትኖር እህት አለቻቸው፤ ምግብ ቤት ከፍታ ሳህን የሚያጥብላት ሰው ስጡኝ እያለች ትልካለች። ከብዙ ክርክር በኋላ አዴ ወርቂቱ ቃላቸውን ሰጡ፦ ሌንሳ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ትማር፤ ሚኒስትሪን ካለፈች ትቀጥል፣ ከወደቀች ቢላ ትሂድ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ኦቦ ባቻም እኔን ጠሩኝ። «ሸንኮራውን አብራችሁ በልታችኋል፤ አሁን ትምህርቱን አብራችሁ ትሠራላችሁ፣» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ሰባተኛ ክፍልን ስንጀምር ከትምህርት በኋላ በረንዳቸው ላይ መቀመጥ ያዝን። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን የመጫኛ ገመዳቸውን ይጠግናሉ። ሌንሳ ትምህርቱን ጮክ ብላ ማስረዳት አለባት። ትምህርቱ በኦሮምኛ ስለሆነ ቃሉን ይሰሙታል፤ ነገሩን ግን አያውቁትም። ቢሆንም በድንገት እጃቸውን ያነሳሉ።

«ቡሲ!»

አውርጂ ማለት ነው። ሌንሳ ትቆማለች። እኔ ሳየው እውነትም ስታለች፤ ያውም ስህተቱ ሁለት መስመር ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጆንያ ተሸክሞ ከኋላዬ የሚመጣውን ሰው አላየውም፣» አሉኝ። «ግን ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ሲያደላ እግሩ ይነግረኛል። ያኔ ‹አውርድ፣ እንደገና ተሸከም› እለዋለሁ። ዝም ካልኩት ይወድቃል። ድምፅም እግር አለው።»

ሌንሳ ፈጣን አልነበረችም። አንድ ነገር አምስት ጊዜ ተሸክማ አምስት ጊዜ ታወርዳለች። እኔ ግን አንዴ ከሰማሁ ይበቃኝ ነበር። እኔ ሳስረዳ ቡሲ የሚል ድምፅ አይሰማም። አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ ልሳሳትና አስቁሙኝ ማለት ያምረኝ ነበር።

በጥር እናቴ አረፈች። ሦስት ታናናሾች ነበሩኝ፤ ትንሿ ንጋት ገና ትድሃለች። አርባው ሲወጣ አባቴ ደብተሮቼን ሰብስቦ መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍቱ ጋር አስቀመጣቸው። አዎ፣ ቤታችን መጽሐፍ ነበረን። አባቴ ከሸዋ ሲዛወር በሳጥን ይዟቸው ነው የመጣው፤ ሠፈሩ ሁሉ ማመልከቻ የሚያጽፈው እሱ ጋ ነበር።

ኦቦ ባቻ በሳምንቱ እሑድ መጡ። የታጠበ ኮት ለብሰዋል። አባቴ ወንበር ሰጣቸው።

«አቶ አሳምነው፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። ይቺ ልጅ አንደኛ ናት።»

«አውቃለሁ ባቻ። ለዚህ እኮ ነው የማልሰጋላት። ጎበዝ የትም አይወድቅም። ልጆቹ ከፍ ሲሉላት ትመለስበታለች። አንተ ለልጅህ ብትጨነቅ እውነት አለህ፤ ያንተዋ አንዴ ከተለቀቀች አትነሳም።»

«ጠንካራ ነው ተብሎ ሰው ላይ ሁለት ጆንያ አይጫንም፣ አቶ አሳምነው።»

«ማን ጫነባት? ቤቷ ናት።»

«ጠዋት ጠዋት ወርቂቱ ሕፃኗን ትያዝልዎት። እኛ ቤት ሰው አይጠፋም።»

አባቴ ፈገግ አለ፤ ደስ የሚል ፈገግታ አልነበረም። «አንተ፣ የሰው ሚስት ልጆቼን ስታሳድግ ሰው ምን ይለኛል?»

ኦቦ ባቻ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ሁለቴ አዟዟሩት። ከዚያ ተነሥተው ለአባቴ እጅ ነሱ። እኔ በሩ አጠገብ ንጋትን አዝዬ ቆሜያለሁ።

አባቴን አልረግመውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። አሁን እኔም ስለደከመኝ ይገባኛል። ነገሩ ሲታሰብ ግን ይገርማል። የተማረው አባቴ ብልህ ነች ብሎ ተወኝ፤ ያልተማሩት ኦቦ ባቻ ልጃቸው ብልህ እንዳልሆነች ካወቁ በኋላ ከአጠገቧ አልተነሱም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ፣ ብቻ ከሰዓት በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። ሌንሳ ደብተሯን ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ኦቦ ባቻ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለዋል።

«በረንዳችን ያፈሳል፣» አሉ። ያኔ በጋ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርቱ እኛ ቤት ሆነ። ሌንሳ የዕለቱን ትምህርት ትነግረኛለች፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ እሰማለሁ፣ ከዚያ መልሼ አስረዳታለሁ፣ ከዚያ እሷ ለአባቷ ታስረዳለች። የሰባተኛን ግማሽና ስምንተኛን በሙሉ የተማርኩት እጄ ሳሙና ውስጥ ሆኖ ነው።

አንድ ቀን ፐርሰንት ሳስረዳ እሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«ቡሲ፣ ኢንተላ ኮ።»

ደነገጥኩ። «አልተሳሳትኩም እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ተነሥተው መጡና እርጥቡን ብርድ ልብስ ከእጄ ወሰዱት። አንዱን ጫፍ ለሌንሳ ሰጥተው ሁለቱ ጠመዘዙት። ውሃው እስኪያልቅ ጠመዘዙት። እኔ የደጃፋችን ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከሞተች በኋላ በቀን ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የሌንሳ ተራ ነው፤ ፐርሰንቱን አንድ ጊዜም ሳታወርድ ጨረሰችው።

የሚኒስትሪው ውጤት የመጣው በነሐሴ ነው። ኦቦ ባቻ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከአስተማሪዎቹ ማንንም ሳይጠይቁ፣ በቀጥታ እኔ ጋ ይዘውት መጡ። ሌንሳ አጥራችን ሥር ቆማ ቀረች፤ መግባት ፈርታለች። እጄን በቀሚሴ አደረቅሁ።

«ማለፊያው ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃምሳ።»

«የእሷስ?»

«ሃምሳ ሦስት።»

አላመኑኝም መሰለኝ። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ተመለከቱ፣ ቀይ ቀለም ፈለጉ፣ አጡ።

«ራይት ነው?»

«ራይት ነው፣ ኦቦ ባቻ።»

ከበሩ ውጪ አስደግፈውት የነበረውን ሸንኮራ ያኔ ነው ያስገቡት። አንዱን ሙሉውን ለእኔ፣ ሌላውን ለሌንሳ። ብትወድቅስ ኖሮ ብዬ በኋላ ጠይቄያቸው ነበር። «ያው ትበሉት ነበር፣» አሉኝ።

ሌንሳ ቢላ አልሄደችም። አሥራ ሁለተኛን ሁለት ጊዜ ተፈትና አለፈች፣ ጤና ኮሌጅ ገባች፣ አሁን አዋላጅ ነርስ ናት። ከተማው ያከብራታል። ሴቶች ጤና ጣቢያ ተራ ሲይዙ «ከልጅነቷ ጭንቅላት ነበራት» ሲሉ እሰማለሁ። ሌንሳ እዚያ ከሆነች ወደ እኔ ታይና አንገቷን ትደፋለች። ዝም በይ ብያታለሁ። ያገኘችውን የሰረቀችው ከማንም አይደለም፤ እያወረደች እየተሸከመች ነው የደረሰችው።

ታናናሾቼ ተምረዋል። ንጋት ነጆ ላይ አስተማሪ ናት። አባቴ ሞቷል። እኔ ከሩቅ ክልል ለሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ምግብ በሚሸጥ ቤት አበስላለሁ። አንዳንዶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲያሰሉ በትከሻቸው በኩል አያለሁ፤ ሲሳሳቱም አየዋለሁ። እስከ ስምንተኛ ያለው ከሆነ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን አላውቀውም። ይስቁና «እትዬ፣ እስከ ስንት ነው የተማርሽው?» ይሉኛል። ሰባተኛ እላለሁ። አጠፋሁት ብዬ የማስበው ነገር የለም፤ የቀረ ነገር እንዳለ ግን አውቃለሁ። ድሮ ቢሆን ይህን ስል አለቅስ ነበር።

ኦቦ ባቻ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ወገባቸው ተጎድቶ ጭነት ካቆሙ ስድስት ዓመት ሆናቸው። አዴ ወርቂቱ አምና አረፉ። እሳቸው ቡርቃ ጃቶ ሠፈር፣ ሌንሳ ባሠራችው ቤት፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። እሑድ እሑድ ላወራቸው እሄዳለሁ፤ በቀኛቸው በኩል እቀመጣለሁ።