አንድ ሰሃን ኦይስተር ጋሽ ተፈራን ነጠቀን

ማክሰኞ ዕለት ቪዲዮ ኮል አድርጎ ሲያስቀኝ የነበረ ሰው ዛሬ ጠዋት አረፈ ይሉኛል። የቱ ተፈራ? የኛው? ያ ግዙፍ ሰውዬ? ኧረ እንዴት ተደርጎ!

የደወለችልኝ ትልቋ ልጁ ሊዲያ ናት። "አንቲ፣ ዳድ ኢዝ ጎን" አለችኝ። ትራኩ ተገልብጦ መስሎኝ "የት ጋ ነው አክሲደንቱ?" አልኳት። "ኖ... ሂ ጀስት ኤት ሰምቲንግ" አለች።

በልቶ! ሰው በልቶ ይሞታል እንዴ ጎበዝ?

ለማታውቁት፣ ጋሽ ተፈራ የትራክ ሾፌር ነው። ከከተማችን የጭነት ኤርፖርት፣ ከሪከንባከር፣ ጭኖ እስከ ደቡብ ጫፍ ይወርዳል። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበለኝ እሱ ነው። ዘመዴ አይደለም፣ የአገር ቤት ጎረቤታችን ጓደኛ ነበር፣ በቃ። መኪና ያስተማረኝም እሱ ነው። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ምሰሶ ገጭቼ የመኪናውን ባምፐር አረገፍኩበት። ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ወረደ፣ ባምፐሩን አንስቶ ትራንክ ውስጥ ወረወረና "አቦ አታካብጂ! በይ ሪቨርስ አድርጊ" አለኝ።

ለሱ ሁሉም ነገር "አታካብዱ" ነው። በረዶ ሲከመር አታካብዱ። ቸርች ስብከቱ ሲረዝምብን አታካብዱ።

ማክሰኞ ፍሎሪዳ ጭነቱን አራግፎ፣ ባሕሩ አጠገብ ምግብ ቤት ገብቶ ነው ኮል ያደረገኝ። ሰሃን ላይ የተደረደረ ቅርፊት አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ምንድነው ይሄ ንፍጥ የመሰለ?"

"ኦይስተር ነዋ፣ የባሕር ቀንድ አውጣ በዪው! ጥሬውን ነው የሚበላው።"

"ኧረ በኢየሱስ ስም!"

"አንቺ ልጅ፣ ጥሬ ሥጋ ያሳደገው ሆድ እኮ ነው፣ ይሄ ምን ያደርገኛል?"

ሚጥሚጣውን ከኪሱ አወጣ። ያለሚጥሚጣ ከቤት አይወጣም። ሎሚ ጨመቀ፣ ሚጥሚጣውን ነሰነሰ፣ "ይሄን ችሎ የሚተርፍ ጀርም ካለ ይኑር፣ ይገባዋል!" ብሎ ዋጠው። ሥራ ቦታ ብሬክ ሩም ሆነን የምናየው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አልን።

ረቡዕ መንገድ ላይ ትኩሳት ያዘው። እንደምንም ሉዊስ ሴንተር ያለው ቤቱ ደረሰ። ባለቤቱ እትዬ ሰናይት ጉንፋን መስሏት ሾርባ ሠራችለት። በማግስቱ እግሩ ላይ ጥቁር ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣበት። ሆስፒታል ስትወስደው ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቃት "ጥሬ የባሕር ምግብ በልቷል? የጉበት ችግር አለበት?" ብሎ ነው። "ኧረ እሱ ጤነኛ ነው" አለች። ያን ጊዜ ጋሼ አልጋው ላይ ሆኖ "ሄፓታይተስ ቢ አለብህ ብለውኝ ነበር፣ ድሮ። ስለማያመኝ ተውኩት" አላት። ይሄን ሁሉ ዓመት አብራው ስትኖር የሰማችው ያኔ ነው።

የገደለው ባክቴሪያ ቪብሪዮ ይባላል። ሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ኦይስተሩም ከውሃው ጋር ያስገባዋል። ሽታም ጣዕምም የለውም። ሎሚ አይገድለውም፣ ሚጥሚጣም አይገድለውም፣ በደንብ ማብሰል ነው እንጂ። ጤነኛውን ሰው ብዙ ጊዜ ሆዱን አሞት ይተወዋል። ጉበቱ የተጎዳውን ግን ደሙ ውስጥ ገብቶ እንዲህ በአንዴ ይጥለዋል።

ተናድጃለሁ። እውነቴን ነው፣ ከለቅሶዬ ንዴቴ ይብሳል። ስንቶቻችን ነን "ጉበትህ ላይ ቫይረስ አለ" ተብለን አፋችንን ዘግተን የተቀመጥነው? ምኑ ያሳፍራል? ጥሬ ሥጋ በልተን ስላደግን ብረት የሆንን ይመስለናል። እባካችሁ ተመርመሩ። ያለባችሁም ለትዳራችሁ ተናገሩ፣ ቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋል። እትዬ ሰናይት ይኸው ባሏን ታልቅስ ወይስ ለልጆቿ ትፍራ? የመጣ ሰው ሁሉ "እግዜር ያጽናሽ" ሲላት፣ እሷ "ልጆቼስ?" ብቻ ነው የምትለው።

ጋሽዬ፣ ይሄን የምጽፍልህ ሳሎንህ ተቀምጬ ነው። ቅድም ሊዲያ አጠገቤ መጥታ ቀስ ብላ "ዱ ዊ ሃቭ ኢት ቱ?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሰኞ ጠዋት እናታቸውንም እነሱንም ለደም ምርመራ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። እጄን ዘርግቼ መጀመሪያ የምወጋው እኔ ነኝ፣ እንዳይፈሩ። አንተ ጌታ እቅፍ ውስጥ እረፍ። ደህና ሁን፣ የኔ ደግ።