አፈሩ የት ሄደ?

ከምርጫው በኋላ በመጣው ክረምት፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። በማግስቱ ከቤቴ ወስደው ቡታጅራ ፖሊስ ጣቢያ አስገቡኝ። ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ላብ ይሸታል። ሁለተኛ ጥያቄ የሚባል ነገር አይለምደኝም ብዬ ጥጌን ያዝሁ።

አጠገቤ ከቆሼ በኩል የመጡ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። የተያዙት የመንግሥት መኪና እንዳያልፍ መንገድ ቆፍረዋል ተብለው ነው። ከሰዓት በኋላ መርማሪው የእምነት ቃላቸውን ሊያስፈርማቸው ይመጣል። ከፈረሙ ወህኒ ይወርዳሉ።

"ልፈርምለት ነው መሰለኝ" አሉኝ። "ማን ያምነኛል? ዝናቡ አባርቶ ብወጣ መሬቱ ተተርትሯል። እርሻዬን ሰንጥቆ፣ መንገዱን ቆርጦ ሄዷል።"

ልቤ ዘለለች። "ወዴት ሄደ?"

"ከስልጤ በኩል መጥቶ ወደ መቂ። ቀጥ ብሎ።"

ስምጥ ሸለቆን ለዓመታት በጠመኔ እየሳልኩ አስተምሬያለሁ፤ እርሻው ላይ የተከፈተበት ሰው ግን አግኝቼ አላውቅም። በደስታ ያለሁበትን ረሳሁ። ከቤታቸው የመጣላቸው ቆጮ፣ እንደ ክፍሉ ደንብ፣ ለሁላችን መሃል ላይ ተዘርግቷል። አንዱን ጫፍ አስያዝኳቸውና ቀስ ብለን ሳብነው። መሃሉ ሳሳ፤ ከዚያ ተሰነጠቀ።

"ምድርም እንዲህ ናት፣ አባባ። ቅርፊቷ ቁርጥራጭ ነው፤ ቁርጥራጮቹም ይጓዛሉ። ሲጋጩ ድንጋዩ ይተጣጠፍና ተራራ ይሆናል። እኛ ጋ ግን እየተራራቁ ነው። ከስር የተደበቀውን ስንጥቅ የክረምት ውሃ ሲሸረሽረው ላዩ ይደረመሳል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ ባሕር ሊገባበት ይችላል።"

"ቆሼ ባሕር?"

"አዎ።"

"አላህ ያውቃል። እኔ ዋና አልችልም።"

ክፍሉ ሳቀ። ቆጮውንም ተካፍለን በላነው።

ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ሰው ቢቆፍረው ኖሮ ዳሩ ላይ አፈር ይቆለል ነበር። አፈሩ የት ሄደ?" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "ወደ ውስጥ ነው የገባው" አሉ።

መርማሪው መጥቶ ብዕሩን ሰጣቸው። ተነሡ፤ ቆባቸውን አስተካከሉ።

"አፈሩ የት ሄደ?"

"የምን አፈር?"

"ቆፈርከው ያልከኝ። አሳየኝና እፈርማለሁ።"

መርማሪው በዓይኑ ወደ እኔ እየጠቆመ እሳቸውን ጠየቃቸው። "ማነው ይህን ያስጠናህ?"

"እርሻው የኔ ነው። ያየሁትም እኔ ነኝ" አሉና ብዕሩን መለሱለት።

በማግስቱ መርማሪው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። አዛውንቱንም ለቀቃቸው። እኔ መስቀልን እዚያው ዋልኩ። በየገበያው ቀን ከቆሼ ቆጮ ይላክልኝ ነበር።

ዛሬም አስተምራለሁ። መንገዱን በጠጠር ይሞሉታል፤ ክረምት ሲመጣ ስንጥቁ ጠጠሩን ይውጠዋል። ተማሪዎቼን እዚያ ወስጄ ስለ ስንጥቁ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ አፈሩን ፈልጉ እላቸዋለሁ። ሲያጡት ደስ ይለኛል። ጥያቄው የእኔ ነበር፤ እኔ ግን በሹክሹክታ ነው የጠየቅሁት። ቆመው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።